ሁለት መታጠፊያ

የጋሽ ተሰማን ማረፍ ለከድር የነገርኩት እኔ ነኝ። ከድር ልብስ ሰፊ ነው። ዱሮ ሱቁ ከግቢያችን መግቢያ ላይ ነበረች፤ አሁን ጀሞ ሄዶ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ስልኩን ሲያነሳ የስፌት መኪናው ይሰማኝ ነበር። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ ሰው ተቀምጦ፣ ዘመድ ከጎን ሆኖ፣ ቀስ ተብሎ። እኔ ደግሞ ነገር ማለባበስ ተፈጥሮዬ አይደለም። "ከድር፣ ጋሽ ተሰማ አረፉ" አልኩት።

የስፌት መኪናው ቆመ።

"ብቻቸውን ነበሩ?" አለኝ።

"አይደለም፤ እትዬ አስካለ አጠገባቸው ነበሩ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለና ስልኩን ዘጋው።

ሌላ ሰው ቢሆን በምን ሞቱ፣ መቼ ሞቱ፣ ቀብሩ የት ነው ይል ነበር። ከድር የጠየቀው ብቻቸውን ነበሩ ወይ ብሎ ነው። ይህን ለምን እንደጠየቀ የሚገባን እኔና የጋሽ ተሰማ ባለቤት እትዬ አስካለ ብቻ ነን። እትዬ አስካለ አይጽፉትም፤ እኔ ልጻፈው አልኩ።

ጋሽ ተሰማ የአማርኛ መምህር ነበሩ። አራት ኪሎ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን አብረን አስተምረናል፤ እሳቸው አማርኛ፣ እኔ ጂኦግራፊ። ከሥራ ስንወጣ ደግሞ የምንገባው አንድ ግቢ ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ለሁላችን አንድ ቧንቧ ባለችን ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። እሳቸው ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ ቁርስ አይቀምሱም። እኛ ቤት ደግሞ እሑድ እሑድ ጊታር ይመታል፤ ጴንጤዎች ነን።

"ስሚ እንጂ ጂኦግራፊ፣ እግዚአብሔር ጆሮው ይከብዳል ብሎ የነገራችሁ ማነው?" ይሉኝ ነበር።

"ሌሊት በድምፅ ማጉያ የሚቀሰቅሱን ናቸው የነገሩን" እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ የሚስቀው ትከሻቸው ነው። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ጂኦግራፊ ነኝ። ለሰው ሁሉ ቅጽል ነበራቸው። ከድርን "ባለመቀስ" ነው የሚሉት፤ ርዕሰ መምህራችንን ምን እንደሚሉት ግን እዚህ አልጽፍም።

ረጅም ናቸው፤ ከአንገታቸው ትንሽ ጎበጥ ይላሉ። ከኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔ አይጠፋም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄደው መሐረብ ሲያወጡ ጠመኔ ይከተላል። ስለ ቋንቋ ሲያወሩ አንድ አባባል ነበራቸው፦ "ግስ ተቀምጦ አይተረጎምም።" ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። "ተንጠራራ" ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቃቸው ተማሪ መልሱን በቃል አያገኝም፤ ሰውየው ብድግ ብለው በዚያ ቁመታቸው ኮርኒሱን ለመንካት ይንጠራራሉ። የእሳቸውን ክፍልና የኔን ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነበር። እኔ ስለ ዝናብ ስርጭት ሳስተምር ከወዲያ በኩል "አደፈጠ!" ይባልና ክፍሉ ሁሉ ፀጥ ይላል። ቀጥሎ "ዘለለ!" ይመጣል፤ ያኔ የኔም ተማሪዎች ዝናቡን ትተው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ስንት ጊዜ ተጣልቻቸዋለሁ።

ከዚያ ሁሉ ትምህርታቸው የማልረሳው "ታጠፈ"ን ያስተማሩ ቀን ነው። ነፃ ክፍለ ጊዜዬ ስለነበር በመስኮት አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ነጠላቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አጠፉት። "ይኼ ምን ሆነ?" "ታጠፈ!" አሉ ልጆቹ። ከዚያ ሁሉንም ነድተው ወደ ሜዳ አወጧቸው። "ሂዱ!" አሉ። ልጆቹ ሄዱ። "ዙሩ!" አሉ። ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። "ሂዱ! አሁን ታጠፉ!" ሲሉ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ፣ አንዱ ደግሞ ወገቡን ይዞ ወደ ታች ታጠፈ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

"ዞረ ማለት ፊቱ የነበረው ጀርባው ሆነ ማለት ነው" አሉ ሳቁ ሲበርድ። "ተመለሰ ማለት መሄዱን ተወ ማለት ነው። ታጠፈ ግን ሌላ ነው ልጆቼ። የታጠፈ ሰው አሁንም እየሄደ ነው። የሚሄድበት አለው፤ መንገዱ ግን ቀጥ ብሎ አላደርስ አለው። ስለዚህ ታጠፈ።"

"ቃሉን የሚያጥፍስ፣ ቲቸር?" አለ አንዱ ነገረኛ።

"ልብስ የሚታጠፈው ሊቀመጥ ነው። ቃል የሚታጠፈው ሊጣል ነው። እጁ ያው እጅ ነው፤ ሐሳቡን እይ።"

ይህን እምነታቸውን ከትምህርት ቤት ውጭም ይዘውት ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን አብረን በሚኒባስ ስንመጣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ለሾፌሩ "ወደ ቀኝ ዙርበት!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ ተሰማ ትከሻውን ነካ አደረጉት። "ልጄ፣ ታጠፍ ነው የሚባለው። ከዞረማ ወደ አራት ኪሎ መመለሳችን ነው።" ረዳቱ የፒያሳ ልጅ ነው፤ አላሰበበትም። "ፋዘር፣ እርስዎ ይታጠፉ፣ እኛ እንዞራለን። ፒያሳ እንገናኛለን!" ታክሲው በሙሉ አሽካካ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን "ዙር" ነው የምለው፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ጋሽ ተሰማ ግን ከሁሉም በላይ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ነገሩን መምህራን ማረፊያ ክፍል ሳምንት ሙሉ አወሩት።

የምንጣላበት ትልቁ ጉዳይ የመንገድ ምልክት ነበር። እኔ የካርታ ሰው ነኝ፤ ሰሜንና ደቡብ እወዳለሁ። እሳቸው ደግሞ እንግዳ ሰው ግቢያችንን ሲጠይቃቸው "ከጊዮርጊስ ውረድ፤ የግሪኩ ዳቦ ቤት ጋ ታጠፍ" ነው የሚሉት። የግሪኩ ዳቦ ቤት የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው። ቦታው ላይ የአሰፋ ሰዓት መጠገኛ ነው ያለው።

"በሌለ ዳቦ ቤት እንዴት ነው ሰው የሚታጠፈው?" እላቸዋለሁ።

"አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የሚያስቀኝ፣ እንግዳው ሁሉ ሳይሳሳት ይደርሳል፤ ግራ ከገባው መንገድ ላይ ያገኘውን የሰፈር ሰው ይጠይቃል፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ደግሞ የግሪኩን ዳቦ ቤት ያውቃል።

ጡረታ ወጡ፤ ጥቂት ቆይቶ መርሳት ጀመራቸው። መጀመሪያ የሄደባቸው ስም ነው። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ቆመው "ያቺን… የምትከፍተውን አየሻት?" አሉኝ። ቁልፍ ማለታቸው ነበር። ሳቅሁ፤ የመሰለኝ እንደ ልማዳቸው እየተጫወቱ ነው። ውሎ ሲያድር ማንኪያ "የምታጎርሰው" ሆነች፤ ጃንጥላም "የሚያስጠልለው"። ስሞቹ አንድ በአንድ ሲሄዱባቸው ግሶቹ ቀሩላቸው፤ በቀሩላቸው ደግሞ ሙሉ ሰው ሆነው ይነጋገሩ ነበር። ጂኦግራፊ መባሌ ቀረና "የምትከራከረኝ" ሆንኩ። ከድር "የሚሰፋው" ሆነ። አንድ ማለዳ እትዬ አስካለን "የምትጠብቀኝ" ብለው ሲጠሯቸው ሰማሁ። እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲያለቅሱ ደግሞ ግድግዳው ያስተላልፋል።

ከዚያ መንገድ ጠፋባቸው። ጊዮርጊስን ተሳልመው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። አደባባዩን ሲዞሩ ነው ያገኘው። በማግሥቱ እትዬ አስካለ የግቢውን በር ቆለፉ። አልፈርድባቸውም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ተከትለው መሮጥ አይችሉም፣ መኪናው ደግሞ ብዙ ነው። ግን ጋሽ ተሰማ ማለዳ ማለዳ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ የተቆለፈው በር ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ይለምናሉ ብትሉ አይለምኑም፤ ይቆጣሉ ብትሉ አይቆጡም። አንድ ቀን ሥራ ልሄድ ስወጣ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺ የምትከራከሪኝ" አሉ፣ "እኔ ምን አጠፋሁ?"

ሥራዬን ትቼ በቀጥታ የሄድኩት ከድር ሱቅ ነው። ለምን እሱ ጋ እንደሄድኩ አላውቅም፤ ሱቁ ቅርብ ስለሆነች ይሆናል። ነገሩን ስነግረው መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ አዳመጠኝ፤ ከዚያ መርፌውን አውጥቶ ኮሌታው ላይ ሰካው።

"ለመሄድ ችግር የለባቸውም፤ ዳገቱን እግራቸው ራሱ ያወጣቸዋል" አለ። "ለመመለስ ነው። ከጊዮርጊስ እስከዚህ ያለው ሁለት መታጠፊያ ነው። አንዱ አሰፋ በር ላይ፣ አንዱ እኔ በር ላይ። ታዲያ እኛ አለን አይደለም? እንበላቸዋ!"

"ምን እንበላቸው?"

"ይታጠፉ እንበላቸዋ!"

እንዲህ ሆነ። ጊዮርጊስ ቅጥር በር ላይ ጧፍ የሚሸጡት እማማ ወለቴ የቁልቁለቱን መንገድ ያስይዟቸዋል። ሰዓት ሠሪው አሰፋ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ ሳያነሳ በመስታወቱ ውስጥ ይጠብቃቸዋል፤ በሩ ጋ ሲደርሱ "ጋሼ፣ ይታጠፉ!" ይላል። ይታጠፋሉ። ቀጥለው የኬክ ቤቱን በረንዳ ያልፋሉ። ከድር በር ላይ ሲደርሱ እሱም ከስፌት መኪናው ላይ ብድግ ብሎ "ጋሼ፣ ይታጠፉ!" ይላል፤ ሁልጊዜ ብድግ ይላል፣ ተቀምጦ ብሏቸው አያውቅም። ይታጠፋሉ፤ ከዚያ ግቢው ነው። ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው የለም። ማንም አይከተላቸውም። ሰው ሆነው ወጥተው ሰው ሆነው ይመለሳሉ።

እትዬ አስካለ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። "ሰው በጩኸት ይጠበቃል እንዴ? በግ ነው?" አሉኝ። በኋላ ሲያዩት እሺ አሉ። ጠዋት ጠዋት ከበሩ በስተጀርባ ቆመው ያዳምጣሉ። የከድር ድምፅ ሲሰማ "መጣ" ይሉና ሻዩን ይቀዳሉ። ጋሽ ተሰማ በሩን ከፍተው ሲገቡ ሻዩ ይጠብቃቸዋል።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ተበላሸ፤ እሱም የሚያስቅ ነው። አሰፋ ታሞ የቀረ ቀን ኬክ ቤቱ ውስጥ አዲስ የገባችውን አስተናጋጅ ትዕግሥትን አደራ ብሏት ነበር። ልጅቷ አሰፋ በር ላይ ቆማ ጋሽ ተሰማ ሲደርሱ በትሕትና "አባባ፣ ወደ ቀኝ ይዙሩ" አለቻቸው። ጋሽ ተሰማ አመሰገኑ፤ ፊታቸውን አዞሩ፤ ወደ ጊዮርጊስ ተመለሱ። እማማ ወለቴ ደግመው ቁልቁል አስያዟቸው። ትዕግሥት ደግማ "ይዙሩ አባባ!" ብላ ጮኸች። እሳቸው አሁንም ዞሩ። ሦስተኛው ላይ እማማ ወለቴ ጧፋቸውን ለጎረቤት ጥለው አብረዋቸው ወረዱና ጉዳዩ ታወቀ። ከድር ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልጅቷን "እኚህ ሰውዬ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ያልሻቸውን ነው ያደረጉት" አላት። እኔም ስቄያለሁ። ማታ ግን ብቻዬን ሳስበው አለቀስኩ፤ ሁሉም ነገር ከሄደባቸው በኋላ ቃሉ እንዳልሄደ ያን ቀን ገባኝ።

ያ ዘመን ጥሩ ነበር። በሽታ ባለበት ቤት ጥሩ ዘመን ይባላል ወይ ትሉ ይሆናል፤ ይባላል። እትዬ አስካለ ወፈር ብለው ነበር።

ከዚያ መንገዱ ይሰፋል ተባለና የመንገዱ ዳር ሱቆች ፈረሱ። መንገዱ አሁን ያምራል፤ አልዋሽም። ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ዛፍ ተተክሎበታል፣ የማላውቃቸው ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። ያን ጊዜ ግን አሰፋ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ መርካቶ ዘመዱ ጋ ገባ። ኬክ ቤቱ ተዘጋ። ከድር የስፌት መኪናውን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ጀሞ ሄደ። ሲሄድ ለስንብት ግቢ ገብቶ የጋሽ ተሰማን ጉልበት ሳመ። እሳቸው "የሚሰፋው፣ ወዴት ነው?" አሉት። "ቅርብ ነው ጋሼ" አላቸው። ግቢያችን ከውስጥ ስለሆነ ለጊዜው ተረፈ፤ የኛ ተራ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው የደረሰው።

እትዬ አስካለ ቤት ሊያውሏቸው ሞከሩ፤ ድንጋዩ ላይ መቀመጡ ተመለሰ። አላስቻላቸውምና በዚያ በታመመ ጉልበታቸው አብረዋቸው ይሄዱ ጀመር። አንድ እሑድ አብረው ቅዳሴ ገቡ። እንደ ሥርዓቱ ሴቶች በሴቶች በር፣ ወንዶች በወንዶች በር ነው የሚገቡት፤ እትዬ አስካለ በር ድረስ አድርሰው "ስትወጣ እዚህ ቁም" ብለዋቸው ነበር። ሲያበቃ እትዬ አስካለ በሕዝቡ መሐል ተጋፍተው እስኪዞሩ ድረስ ጋሽ ተሰማ ወጥተዋል። በወንዶቹ በር ላይ ማንም የለም።

እኔ ጸሎት ቤት ልሄድ ለብሼ ነበር። እትዬ አስካለ ጫማቸው አንዱ ወልቆ ግቢ ሲገቡ ሳይ ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ወጥቼ መፈለግ ጀመርኩ። የካርታ ሰው አይደለሁ? ካርታዬን በጭንቅላቴ ዘርግቼ ከጊዮርጊስ እስከ ፒያሳ ያለውን መታጠፊያ ሁሉ፣ የቀረውንም የፈረሰውንም፣ በየተራ ገባሁበት። የመጀመሪያው ውስጥ የሉም። ሁለተኛው ውስጥ የሉም። የግሪኩ ዳቦ ቤት የነበረበት ጋ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ፤ ቆርቆሮ አጥርና ለስላሳ አስፋልት ብቻ ነው። ያወቅሁት ሰው የለም። የሚጠየቅ ሰው የለም። እንደ እብድ ተመልሼ ወደ እማማ ወለቴ ሮጥኩ፤ የዱሮ ሰው የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ቁልቁል አስያዝኳቸው፤ እንደ ድሮው" አሉኝ። "ቆሜ አየኋቸው ልጄ። ቀጥ ብለው ወረዱ። ቀጥ ብለው ነው የሄዱት።"

ያኔ ገባኝ። እኔ መታጠፊያ ለመታጠፊያ ስፈልጋቸው እሳቸው የትም አልታጠፉም ነበር። በፒያሳ ቁልቁል ወረድኩ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻገርኩ፣ ዳገቱን አራት ኪሎ ወጣሁ። እዚያ አንድ ጋዜጣ ሻጭ "ባርኔጣ ያደረጉ፣ ረጅም? አዎ፣ ወደዚያ" ብሎ ወደ ቀበና አመለከተኝ። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት፤ ዕድሜዬ ለሩጫ አይደለም፣ ግን ሮጥኩ።

ቀበና ድልድዩ ጋ ደረስኩባቸው። ቆመው አልነበረም፤ እየሄዱ ነበር። እግራቸው ከመሬት አይነሳም፤ እየጎተቱት ነው። ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ አስፋልቱን ይጠርጋል። ሰው ሁሉ ያልፋቸዋል። ፊታቸው ቀድሜ ቆምኩ፤ ላባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። አላወቁኝም።

"ጋሼ፣ ወዴት ነው?"

"ቤት" አሉኝ።

"ቤትማ አልፈውት መጡ፤ በጣም ነው ያለፉት።"

ቆሙ። ከጊዮርጊስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆሙ ይመስለኛል። ወደ ኋላቸው ተመለከቱ፣ ከዚያ እኔን ተመለከቱ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት መደናገር ሳይሆን ቅሬታ ነበር፤ ሰው ቀጥሮት የቀረበት ሰው ቅሬታ።

"ማንም ታጠፍ አላለኝም" አሉ።

በላዳ ታክሲ አምጥቼ አስገባኋቸው። እትዬ አስካለ እግራቸውን በሞቀ ውኃ ሲያጥቡ ተረከዛቸው ደምቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉም በክር ታስሮ እትዬ አስካለ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ተንጠለጠለ። ወራት ቆይቶ ግቢውም ፈረሰ፤ እነሱ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እኔ ወደ ሌላ ጫፍ ሄድኩ። ጠይቄያቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ሁለት ታክሲ፣ ከዚያ እግር ነው። ስሄድ በረንዳው ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። በመጨረሻ ግሶቹም ሄዱባቸው። የምከራከራቸው መሆኔ ቀርቶ እንግዳ ሆንኩ፤ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ለመነሳት ይሞክራሉ፣ ለእንግዳ እንደሚነሳው። በዚህ ነው በጣም የተጎዳሁት።

ሠልስት ቀን ከድር መጣ። ከጀሞ በማለዳ ተነስቶ ከተማውን ከጫፍ ጫፍ አቋርጦ ነው የመጣው። ድንኳኑ በሕንፃዎቹ መሐል ተተክሏል፤ አብዛኛው ለቀስተኛ የአዲሱ ሰፈር ሰው ነው፤ ጋሽ ተሰማን የሚያውቃቸው በረንዳ ላይ እንደሚቀመጡ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከድር ኮፍያውን አውልቆ ከእትዬ አስካለ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ እንባቸው አልቋል። ከድርን ብዙ ጊዜ አዩት።

"ቆልፌበት ነበር" አሉት። "በኋላ ግን አላስቻለኝም። ጠዋት ጠዋት እየያዝኩት ወርጄ በዚህ በሕንፃው ጥግ እንሄድ ነበር። ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ ይቆማል። ታጠፍ እለዋለሁ፤ አይታጠፍም። ተሰማ፣ ታጠፍ እለዋለሁ፤ ቆሞ ያየኛል። በእጄ ስጎትተው ይጮህብኛል። አንድ ቀን ማዕዘኑ ላይ እንደቆመ ግራ ቀኙን አየና 'ከድርስ?' አለኝ።"

ከድር ቀና አለ።

"ከድርስ አለኝ" አሉ እትዬ አስካለ። "የእናቱን ስም የረሳ ሰው ነው። የኔን ስም የረሳ ሰው ነው። አንተን በስምህ ጠርቶህ ያውቃል? አንድ ቀን ጠርቶህ ያውቃል? ከዚያ በኋላ ማዕዘኑ ጋ በደረስን ቁጥር 'ከድርስ?' ነው። ይመጣል እለዋለሁ። ቆመን እንጠብቃለን። እግሩ ሲዝል ይዤው እገባለሁ።"

ድንኳኑ ውስጥ የማያውቁን ሰዎች ይንሾካሾካሉ፤ አንዷ ሴት ንፍሮ ታዞራለች። ከድር እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል።

"ለምን አልደወሉልኝም እትዬ? ቁጥሬን ሰጥቼዎት አልነበር?"

"ቁጥርህማ አለኝ። ጀሞ የት፣ አባዶ የት ብዬ ነዋ። የልጆች አባት ነህ። ለአንድ ቃል ብዬ ሰው ከሥራው ላስፈታ?"

ከድር አንገቱን ነቀነቀ። ኮፍያውን አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት። ከኮፍያው ሥር ድምፁ ሲወጣ ለእትዬ አስካለ ይሁን ለማን እንደሚናገር አላወቅሁም።

"እመጣ ነበር እኮ" አለ። "በየቀኑ እመጣ ነበር።"